ሁለት መጠይቆች፣ አንድ ጂፒኤ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ የቱ ይሻላል?

የተማሪን ባሕርይ ከውጤቱ ጋር ለማያያዝ የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ እጁ የሚገባው ሚኒ አይፒአይፒ የሚባለው አጭር የባሕርይ መጠይቅ ነው። ነፃ ነው፣ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ጥያቄውም 20 ብቻ ነው፤ «ቢግ ፋይቭ» ለሚባሉት አምስት የባሕርይ ዘርፎች አራት አራት።

ጣጣው የሚመጣው ነጥብ ሲደመር ነው። 11ዱ ጥያቄዎች ተገልብጠው ነው የሚቆጠሩት፦ ከ6 እስከ 10 እና ከ15 እስከ 20 ያሉት። መልሱ ከ1 እስከ 5 ስለሆነ ከ6 መቀነስ ነው፤ 2 የነበረው 4 ይሆናል። ይህ ከተዘነጋ አልፋው፣ ማለትም ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ያሽቆለቁላል፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጥፋቱ ግን መላሾቹ ላይ ይላከካል። አማርኛው ሌላ ችግር ይጨምራል። «የሰው ችግር አያሳስበኝም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ አሉታውን መልሶ በአሉታ ማፍረስ ስለሆነ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከመበተኑ በፊት ጥቂት ተማሪዎችን ጮክ ብለው እያሰቡ እንዲሞሉት ማድረግ ይበጃል።

ከአምስቱ ከውጤት ጋር ደጋግሞ የተዛመደው ትጋትና ጥንቃቄ ነው፤ ያም ቢሆን ዝምድናው (ፍጹም ሲሆን 1 ነው) 0.2 አካባቢ ነው። ከአራቱ ጥያቄዎቹ አንዱ ዕቃን ወደ ቦታው መመለስ ስለመርሳት ይጠይቃል። ስድስት ሰው በሚያድርበት ዶርም ይህ ጠባይን ይለካል ወይስ የክፍሉን ጥበት? አንዷ ጥያቄ ስትበላሽ የመለኪያው ሩብ ሄደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መጠይቅ የሥነ ልቦና ፍላጎቶች መሟላትንና መታፈንን የሚለካው ቢፒኤንኤስኤፍኤስ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 24 ጥያቄ አለው፤ በራስ መወሰን፣ ብቃት እና ከሰው ጋር መቀራረብ እያንዳንዳቸው አራት የመሟላት፣ አራት የመታፈን ጥያቄ አላቸው። ሁሉንም አቀናንሶ አንድ ቁጥር ማውጣት ስህተት ነው፤ ያልመረጠው ዲፓርትመንት የተመደበ ተማሪ ነፃነቱ ታፍኖ፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለው ቅርበት ግን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎቹ ስለ አጠቃላይ ኑሮ ስለሆኑ መመሪያው ላይ «በዚህ ሴሚስተር፣ በትምህርትህ/ሽ» የሚል ካልገባ መላሹ ስለ ቤተሰቡ እያሰበ ይሞላል።

አንዱን ብቻ መያዝ ግድ ከሆነ ሁለተኛው ይመረጣል። ብቃቱ የታፈነበትን ተማሪ ቲቶሪያል ማስገባት፣ ፈተናው ሳይደርስ ስህተቱን ማሳየት ይቻላል፤ «ትጋትህ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ግን ምን ይደረጋል? የሚበተነው ከሚድ በፊት ነው፤ ውጤት በተለጠፈ ማግስት ከሆነ የብቃት ነጥቡ የተለጠፈውን ውጤት ነው የሚያስተጋባው። ጂፒኤው በተማሪው ፈቃድ ከሬጅስትራር ይወሰድ፣ ንጽጽሩም እዚያው ዲፓርትመንት ውስጥ ይሁን፤ የኢንጂነሪንግ 3.0 እና የሌላው 3.0 አንድ አይደሉም።