በ12 ሺህ ብር የተቀየረች አንዲት ቁጥር፦ የድረ-ገጻችሁን «አሻሽሉኝ» ማስጠንቀቂያ ሳታጣሩ አትክፈሉ

ድረ-ገጽ አሠርታችሁ ለሠራላችሁ ድርጅት በየጊዜው «የማሻሻያ» እየተባለ የምትከፍሉ የሱቅ፣ የእንግዳ ማረፊያና የስፌት ቤት ባለቤቶች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። በሦስተኛው ሳልከፍል ቀርቼ የበዓል ገበያዬን አጥቻለሁ። የከፈልኩበት ሥራ ምን እንደነበር ያወቅሁት ግን ዘንድሮ ነው፤ አንድ ፋይል ውስጥ ያለች አንዲት ቁጥር መቀየር።

ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ውጭ አገር ስለሚኖሩ በ2014 ዓ.ም. ድረ-ገጽ አሠራሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ዎርድፕረስ በሚባል የድረ-ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ሠራልኝ፤ የደረት፣ የወገብና የቁመት ልክ እንዲሁም የጥለት ቀለም የሚቀበል የትዕዛዝ ቅጽም ጨመረበት። ቅጹ «ፕለጊን» ነው አሉኝ፤ በድረ-ገጹ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ፕሮግራም ማለት ነው። ከገበያ የተገዛ ሳይሆን ራሳቸው የጻፉት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ቅጹ ራሱ ጥሩ ነበር፤ እሱን አልክድም።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ከስምንት ወር በኋላ መጣ። በማስተዳደሪያው ገጽ ላይ «ፕለጊኖች» ከሚለው ቃል ጎን ቀይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ 1 ቁጥር፣ ከቅጹ ስም ሥር ደግሞ አዲስ ዕትም መውጣቱን የሚናገር ቢጫ መስመር። ደወልኩላቸው። ስልኩን ያነሣው ልጅ «እህቴ፣ ይህ አደገኛ ነው፤ ካልተሻሻለ ሰብረው ይገቡብዎታል። ግን ራስዎ እንዳይነኩት» አለኝ። 12 ሺህ ብር ከፈልኩ፤ በማግስቱ ቀዩ ቁጥር ጠፋ። ዓመት ቆይቶ ተመልሶ ሲመጣ 15 ሺህ ከፈልኩ። ሁለቱም ደረሰኞች «የሶፍትዌር ማሻሻያ» ይላሉ፤ ምን እንደተሻሻለ አንድ ቃል የለባቸውም። እኔም አልጠየቅሁም። ሸማኔ ፈትሉን ሲያወፍርብኝ በእጄ ዳስሼ የማውቅ ሴት፣ ኮምፒውተር ሲሆን ጊዜ እንደ ሕፃን የተባልኩትን ተቀበልኩ።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መጣ። ዋጋው 18 ሺህ ሆኗል። «ከበዓል በኋላ» ብዬ አለፍኩት። ትዕዛዝ የምትቀበለው ሠራተኛዬ ግን ያንን ቢጫ መስመር በየቀኑ ማየት ስለሰለቻት «አሁን አሻሽል» የሚለውን ተጫነችው። አልወቅሳትም፤ ቁልፉ የተቀመጠው እንዲጫኑት ነው። በዚያው ቅጽበት የትዕዛዝ ቅጹ ጠፍቶ በቦታው የቀናትና የሰዓታት ሰንጠረዥ ተተካ፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚያስይዙበት ዓይነት። ሚኒሶታ የምትኖር ደንበኛዬ ቀሚስ ልታዝ ገብታ «ቀጠሮ ማስያዝ ግዴታ ነው እንዴ? እኔ አዲስ አበባ የለሁም» ብላ ጻፈችልኝ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ወደ ድርጅቱ ስደውል መልሳቸው «አላልንዎትም?» ሆነ። የጥገና ውል ስለሌለኝ ለመመለሻ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቁ፤ እሱም ወረፋ ይዤ ከበዓል በኋላ። ትዕዛዝ በስልክና በመልእክት እየተቀበልን በዓሉ አለፈ። ስንቱ ደንበኛ ገጹን ከፍቶ ግራ ገብቶት እንደተመለሰ አላውቅም።

ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ የእህቴ ልጅ አለ። «እትዬ፣ እስቲ የይለፍ ቃሉን ስጪኝ» አለና አንድ ምሽት ቁጭ ብሎ አየው። በመጀመሪያ ምንም ሳይነካ የጠቅላላውን ድረ-ገጽ መጠባበቂያ ቅጂ ወሰደ። ከዚያ ድርጅቱ በየጊዜው አገልጋዩ ላይ (ድረ-ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ማለት ነው) ትቷቸው የሄደ የቅጹን አሮጌ ቅጂዎች አገኘ፤ አንዱን ደንበኛ በማያየው የሙከራ ገጽ ላይ መልሶ ሰካው። «ዝማኔዎች» በሚለው ክፍል ውስጥ «እንደገና አጣራ» የሚለውን ሲጫን ያው ቢጫ መስመር መጣ። በመስመሩ ላይ የተጻፈው የእኔ ቅጽ ስም ነው። የአዲሱን ዕትም ዝርዝር የሚያሳየውን ማያያዣ ሲከፍተው ግን ሌላ ስም፣ ሌላ ደራሲ፣ ሌላ ሥራ፦ ቀጠሮ ማስያዣ። «ይሄ እኮ የአንቺ ፕለጊን ማሻሻያ አይደለም። የሌላ ሰው ፕለጊን ነው» አለኝ።

እንዴት ሊሆን ይችላል? እንዳስረዳኝ ከሆነ ዎርድፕረስ በየ12 ሰዓቱ ገደማ የተሰኩትን ፕለጊኖች ዝርዝር ወደ ማዕከላዊ አገልጋዩ ይልካል። አገልጋዩ ከሕዝብ ማከማቻው፣ ማለትም ፕለጊኖች ለሁሉም በነጻ ከሚቀመጡበት ስፍራ፣ ጋር ሲያመሳክር በዋናነት የሚያየው የፎልደሩንና የዋና ፋይሉን ስም ነው። ስሙ ከገጠመና ማከማቻው ያለው ዕትም ቁጥሩ ከበለጠ «አዲስ ወጥቷል» ይላል። ድርጅቱ ለቅጼ ያወጣለት የፎልደር ስም ማንም ሊያወጣው የሚችል ተራ ስም ስለሆነ ማከማቻው ውስጥ ካለ ሌላ ፕለጊን ጋር ተገጣጠመ።

ለእኔ የገባኝ በራሴ ሥራ ነው። የልክ ደብተራችን ላይ «አልማዝ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈና ሁለት አልማዞች ካሉን፣ ስፌት ተማሪው የአንደኛዋን ቀሚስ በሁለተኛዋ ልክ ፈትቶ ይሰፋዋል። ልጁ አልሰረቀም፣ አልዋሸም። ጥፋቱ የአባት ስም ሳይጽፍ የተወው ሰው ነው።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው እንበል። ያናደደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የእህቴ ልጅ አሮጌዎቹን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር አነጻጸራቸው። በመጀመሪያውና 12 ሺህ በከፈልኩበት መካከል ያለው ልዩነት አንድ መስመር ነው፤ የዕትም ቁጥሩ 1.0 የነበረው 2.1 ተብሏል። በሁለተኛውና 15 ሺህ በከፈልኩበት መካከልም አንድ መስመር፤ 2.1 የነበረው 2.2 ሆኗል። ሌላ ምንም የለም። የእኔ ቁጥር ከማከማቻው ቁጥር ጋር ሲስተካከል ማስጠንቀቂያው ዝም ይላል፤ የዚያኛው ፕለጊን ባለቤት አዲስ ዕትም ሲያወጣ እንደገና ይጮኻል። ጣሪያዬን ቀዶ ዝናብ በጣለ ቁጥር ባልዲ የሚሸጥልኝ ሰው ነበር ለካ። መጀመሪያ ሳያውቁ አድርገውት ሊሆን ይችላል፤ ስሙ መገጣጠሙን ጭራሽ ላያስተውሉ ይችላሉ። ቁጥሯን ከፍቶ የቀየረ እጅ ግን የሚቀይረውን ያውቃል።

መፍትሔው አርባ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ፎልደሩን የሱቄን ስም ጨምሮ ሌላ ሰው ሊያወጣው በማይችል ስም ቀየረው። ስሙ ሲቀየር ዎርድፕረስ ፕለጊኑን ያጠፋዋልና እንደገና ማብራት ያስፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ቅጹ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። የድሮ ትዕዛዞቼ የመረጃ ቋቱ ውስጥ ስለነበሩ አልተነኩም። በፋይሉ ራስጌ ላይም «አፕዴት ዩአርአይ» የምትባል አንዲት መስመር ጨመረ፤ ማሻሻያው ከሕዝብ ማከማቻው እንዳይወሰድ የምትናገር መስመር ናት። እኔ ድረ-ገጽ ከማሠራቴ በፊት፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2021 በወጣው ዎርድፕረስ 5.8 የመጣችው በትክክል ለዚህ ዓይነቱ የስም መምታታት ነው። ሙያዬ ድረ-ገጽ መሥራት ነው የሚል ሰው ሊያውቃት ይገባል። ከዚያ ወዲህ ቢጫው መስመር በዚያ ቅጽ ሥር አልታየም።

ይህን ለጎረቤቶቼ ሳወራ እያንዳንዱ የየራሱን አወጣ። የአንዱ ማስጠንቀቂያ ፕለጊኑ ራሱ ገጹ አናት ላይ የለጠፈው ሣጥን ነው። ማንኛውም ፕለጊን እዚያ ቦታ ላይ የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ ቀይም ቢሆን፣ የቃለ አጋኖ ምልክት ቢደረደርበትም ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ሣጥኑ እየጮኸ «ዝማኔዎች» የሚለው ክፍል ውስጥ ስለዚያ ፕለጊን ምንም ከሌለ ሊሸጥላችሁ የተዘጋጀ ነገር እንዳለ ገምቱ። የሌላዋ ደግሞ ማሻሻያው ተደርጎ ካለቀ በኋላም ማስጠንቀቂያው አልጠፋም። እሱ ብዙ ጊዜ «ካሽ» የሚባል የቆየ ጊዜያዊ መዝገብ ነው፤ ካሹን አጽድቶ እንደገና ማጣራት ይበቃዋል። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ስልኩን ዝጉት።

ከሁሉ የከፋው በኢሜይል የሚመጣው ነው። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2023 ከዎርድፕረስ የጸጥታ ቡድን የተላከ የሚመስል መልእክት ለብዙ የድረ-ገጽ ባለቤቶች ደርሶ ነበር። አደገኛ ክፍተት ተገኝቶብዎታል፣ ይህን መጠገኛ ፕለጊን አውርደው ይጫኑ ይላል። መጠገኛ የተባለው ራሱ የሌባ በር ነበር፤ የሰካው ሰው ድረ-ገጽ ላይ የተደበቀ አስተዳዳሪ ይፈጥር ነበር። እውነተኛ ማሻሻያ በማስተዳደሪያ ገጻችሁ ውስጥ ይመጣል እንጂ ከኢሜይል አውርዳችሁ የምትሰኩት አይደለም።

እንግዲህ እኔን አንብባችሁ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ውሸት ነው እንዳትሉ፤ የእህቴ ልጅ ይህን ካልጻፍሽ አትለጥፊው ብሎኛል። ያልተሻሻለ ፕለጊን እውነትም የሌባ መግቢያ ነው። እኔ የምለው ስለ ዋጋው ነው። ከሕዝብ ማከማቻው የመጣ ፕለጊን ማሻሻያው ነጻ ነው። ባለሙያው መጠባበቂያ ቅጂ ወስዶ፣ ሞክሮ፣ አስተካክሎ ለድካሙ ቢያስከፍላችሁ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የድካም ዋጋ ተብሎ ይጻፍ። በክፍያ የሚገዛ ፕለጊን ከሆነ ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን የሚገዛውም ከሠሪው ነው። ፈቃዱ በእናንተ ስምና ኢሜይል ይሁን። «የዕድሜ ልክ ፈቃድ በርካሽ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የፈቃድ ቁልፍ የሌለው ቅጂ ነው፤ ማሻሻያው መውጣቱን ይነግራችኋል፣ ማውረዱን ግን ይከለክላችኋል፤ ውስጡ ምን እንደተጨመረበትም አታውቁም።

ክፈሉ ስትባሉ ሰውየውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የትኛው ፕለጊን ነው፣ ሠሪው ማን ነው፣ ከየትኛው ቁጥር ወደ የትኛው ቁጥር ይሄዳል። የዝርዝሩን ገጽ በስልኩ ያሳያችሁና የሠሪውን ስም በዓይናችሁ እዩ። ይህን ለመጠየቅ ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም። የይለፍ ቃሉ፣ የሆስቲንጉ (ድረ-ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ) እና የዶሜኑ (የድረ-ገጹ አድራሻ) ምዝገባ በእጃችሁ ካልሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አስመልሱት፤ እኔ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ባይሰጡኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «የሶፍትዌር ማሻሻያ» የሚሉ ሁለት ቃላት በቂና ትክክለኛ መረጃ ናቸው ወይ? ደረሰኞቻችሁን አትጣሉ።

ሁለቱን ደረሰኞቼንና የፋይሎቹን ንጽጽር አትሜ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነበር። ያ ስልኩን አንሥቶልኝ የነበረው ልጅ ወረቀቱን አገላብጦ «ይህን ሲስተሙ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «እኛ የምናስከፍለው ለክትትል ነው» አለ። 27 ሺህ ብሬን እንዲመልሱልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ወጣሁ። መልስ የመጣው ባለፈው ሳምንት በስልክ ነው፤ ለዘንድሮው ማሻሻያ 20 በመቶ ቅናሽ እንዳዘጋጁልኝ ነገሩኝ።