ክራሩን ስሙት፣ ሒሳቡን ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው አዲስ አበባ የገባሁት፤ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስለ ኤርፖርቱም፣ ስለ ሆቴሉም፣ ስለ መንገዱም ብዙ ሰው ስለጻፈ አልደግመውም። የእኔ ጉዳይ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው፤ ቦሌ ውስጥ ያለች፣ ወንበሯ ከአርባ የማይበልጥ ክለብ። ስሟን አልጠራም፤ የሚጫወቱባት ልጆች እንጀራቸውን ስለሚበሉባት።

ማስታወቂያውን በቴሌግራም ያየችው እህቴ ናት። «የ80ዎቹ ዘፈኖች በአኩስቲክ» ይላል፤ 80ዎቹ የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ አኩስቲክም ያለ ኪቦርድ፣ በቦክስ ጊታርና በመሳሰሉት ማለት ነው። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር እንዲህ ያለውን ነገር የማውቀው በፈረንጅ ዘፈን ነው። ኒው ዌቭ የሚሉትን፣ የነኒው ኦርደርንና የነዲፔሽ ሞድን የኪቦርድ ዘፈን አንድ ልጅ ቦክስ ጊታር ብቻ ይዞ ይጫወተዋል፤ ቃሉ ያን ጊዜ ይሰማል። ኑቬል ቫግ የሚባሉት ፈረንሳዮችማ እነዚያኑ ዘፈኖች በቦሳ ኖቫ ሠርተው በ2004 እ.ኤ.አ. አልበም አወጡ። ሁሌም «የእኛንስ ማን ይሞክረው ይሆን?» እል ነበር። የእኛም የዚያ ዘመን ድምፅ እኮ ኪቦርድ ነው። በደርግ ሰዓት እላፊ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ በሚቆለፍበት ጊዜ፣ ጥሩምባውና ሳክስፎኑ እየሳሳ ኪቦርዱ ቦታውን ያዘ። ለእኔ ያ ድምፅ ልጅነቴ ነው፤ ካሴቱ ሲጠማዘዝ በእስክሪብቶ እያጠነጠንን የሰማነው።

መሄጃም ጠፍቶ ነበር። የማውቀው የጃዝ ክለብ፣ ጃዛምባ፣ በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ሄደ። አዝማሪ ቤቱ ፈንድቃ ልውሰድሽ ብላኝ የነበረችው እህቴ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱም መነሳቱን ያስታወሰችው ታክሲ ውስጥ ነው።

ማታ 2 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ የጀመሩት 3 ከ40 ነው። እሺ፣ ይሁን፤ አገሬ ነው።

ሲጀምሩ ግን ይቅር አልኳቸው። አንድ ጊታር፣ አንድ ክራር፣ ከበሮ የያዘ ልጅና ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ ዘፋኝ። ሮሃ ባንድ ካጀባቸው ዘፈኖች በአንዱ ከፈቱ። በካሴቱ ላይ ኪቦርዱ የሚከፍተውን መግቢያ ክራሩ ወሰደው፤ የሮሃውን ቤዝ ተጫዋች የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ደግሞ ጊታሪስቱ በአውራ ጣቱ ወፍራሟን ክር እየመታ ሞላው። ያለዚያ ሁሉ ጩኸት ግጥሙ ራቁቱን ሲቀር፣ በልጅነቴ ስጨፍርበት የኖርኩት ዘፈን የለቅሶ መሆኑን ገና አሁን ሰማሁ።

ክራር በቅኝት ነው የሚታሰረው። ልጁ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ጆሮውን ክራሩ ላይ ደፍቶ ክሮቹን አንድ በአንድ ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ፣ መልሶ ሲያጠብቅ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም ስልክ አላነሳም። አሜሪካ ቢሆን ስድስት ጊታር ተደርድሮ ስለሚጠብቅ እንዲህ ያለ ዝምታ አይገኝም። ከዚያ ከ80ዎቹ ወጣ ብለው የሙሉቀን መለሰን አንድ ዘፈን አስገቡ። ዘፈኑን ትቶ ወደ መዝሙር ከገባ ስንት ዘመኑ፣ ያረፈውም በ2016 አሜሪካ ነው። እህቴ እጄን ያዘችኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አራት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ እህቴ፣ ባሏና የአክስታችን ልጅ። ዘጠኝ ቢራ በ280፣ ሁለት ጥብስ በ1,350፣ ሦስት ውሃ በ120፤ ድምሩ 5,580 ብር። የመጣልን ወረቀት ግን 14,648 ከ70 ሳንቲም ይላል። በእጅ የተጻፈ ነው። መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ የእህቴ ባል በስልኩ አብርቶ አየው፦ «ሙዚቃ 4 x 1,500»። በር ላይ አልተነገረን፣ ሜኑ ላይ የለም፣ ማስታወቂያው ላይም የለም። በዚያ ላይ አሥር በመቶ ሰርቪስ ከምግቡ አልፎ ከሙዚቃውም ላይ ታስቧል፤ ቫቱ ደግሞ ከሁሉም ላይ። ክራሩን ያስተናገደልኝ የትኛው አስተናጋጅ ነው?

አስተናጋጁን ጠራሁት። «እናቴ፣ ለእናንተ እኮ ስንት ዶላር ናት?» አለኝ።

እናቴ ማለቱን ትቼዋለሁ። ይህችን ዶላር ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰምቻታለሁ፤ ከሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ ዋጋ አይቆጥርም ተብሎ ተደምድሟል። ሁለት ሥራ እየሠራሁ ነው ቲኬቱን የገዛሁት። አሜሪካ ጉርሻ እንደ ግዴታ ነው፣ ያናድደኛል፣ ግን የመግቢያውን ዋጋ በር ላይ አይቼ ነው የምገባው። አጠገባችን የነበሩትን ወጣቶች እህቴ ጠየቀቻቸው፤ ሙዚቃ የሚል ነገር ሒሳባቸው ላይ የለም። የእኔ አማርኛ ነው መሰል ያስከፈለን፤ ሳዝዝ «ፕሊዝ» ብያለሁ።

«የማሽን ደረሰኝ ስጡን» አለች እህቴ። ማሽኑ ተበላሽቷል ተባለ። «ታዲያ ቫቱን የት ልታስገቡት ነው?» ስትል አስተናጋጁ ማናጀሩን ሊጠራ ሄደ። ሃያ ደቂቃ። ማናጀሩ መጣ፣ አዲስ አሠራር ነው አለ፣ ሄደ። ሌላ ሃያ ደቂቃ። ወንበር በጠረጴዛ ላይ መገልበጥ ተጀመረ። በመጨረሻ የተበላሸው ማሽን ዳነና ደረሰኙ መጣ፦ 7,058 ከ70። ሙዚቃ የምትለዋ መስመር የለችም። ይቅርታም የለም። በቴሌብር ከፍላ ወጣን።

ውጭ የክራሩ ልጅ መሣሪያውን በጋቢ ጠቅልሎ ራይድ ይጠብቃል። 3,000 ብር በእጁ ሰጠሁትና የሙዚቃው ክፍያ ይደርሳችኋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የምን የሙዚቃ ክፍያ?» አለኝ። በማታ ነው የሚከፈላቸው፣ ቤቱ ሞላም ባዶ ሆነም ያው።

እኔ ሂዱ ነው የምለው። ስትገቡ ግን በሩ ላይ ቁማችሁ «ሙዚቃ ይከፈልበታል?» በሉ፤ ደረሰኙንም ከማሽን ብቻ ተቀበሉ። ከመድረኩ በስተግራ ተቀመጡ፤ በስተቀኝ የኩሽናው በር ስላለ ክራሩ ቀስ ባለ ቁጥር የሳህን ጩኸት ነው የምትሰሙት።