የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ሽቦ ለሚያስቸግራችሁ፦ ለገጣፎ ያሉ ጋሼ

ምስጋናዬ ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ላላቸው አንድ አባት ነው። «ስሜን ኢንተርኔት ላይ እንዳትሰቅለው» ስላሉኝ አልጽፈውም። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበል። ደንበኞቻቸው የሲኖ ትራክና የኤን ትሪ ሹፌሮች ናቸው፤ እኔ ይዤላቸው የሄድኩት ግን ክንፉ ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ አውሮፕላን ነው።

ለማታውቁት፣ ይህ አውሮፕላን በሬዲዮ አይታዘዝም። መሐል የቆመ ሰው በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦ ይዞ በዙሪያው የሚያበረው ዓይነት ነው። ሞተሩ 6 ሲሲ አይሞላም፤ ዘይት የተቀላቀለበት ሜታኖል ነው የሚጠጣው። እንደ ቤንዚን መኪና ካንዴላ ብልጭታ የሚሰጥ ነገር የለውም። በምትኩ ግሎው ፕላግ የሚባል፣ ውስጡ ፕላቲነም ያለበት ጥምጥም ሽቦ አለው። ሲነሳ በ1.2 ወይም በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል። ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ሜታኖሉና ፕላቲነሙ ሲገናኙ የሚፈጠረው ሙቀት ከቃጠሎው ጋር ተደምሮ ፕላጉን እንደጋለ ያቆየዋል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። «ባትሪው ተነቅሎ?» አሉና ሳቁ።

የእኔ ሞተር ተዘቅዝቆ ነው የተገጠመው፤ ፕላጉ ኮፈኑ ውስጥ ተደብቋል። ባትሪ በቀጥታ ላያይዝ ቢሉ እጅን ከሚሽከረከር ፕሮፔለር ሥር መስደድ ነው። ስለዚህ ከፕላጉ ሽቦ ተስቦ ከኋላ፣ በአውሮፕላኑ ጎን ላይ ሶኬት ይወጣል። ከሰው እጅ ስገዛው ይህ ተሠርቶለት ነበር፤ ሞተሩ ግን አልነሳም አለ። ፕላጉን ፈትቶ ባትሪው ላይ ሲያደርጉት ፍም ይመስላል፣ በሶኬቱ በኩል ሲሆን ግን ጭል ጭል ብቻ። ከጋሼ በፊት ያዩት ባለሙያዎች ቴስተር ሰክተው፣ ጫፉ ላይ ቮልቱ ሙሉ መሆኑን አይተው «ሽቦው ደህና ነው፣ ችግሩ ሞተሩ ነው» ብለው መለሱኝ።

ጋሼ የተለዩት እዚህ ላይ ነው። ፕላጉን ከሽቦው ጋር አያይዘው፣ እየጋለ ሳለ ለኩት። ባትሪው ላይ 1.2 ገደማ፣ ፕላጉ ላይ 0.8! «ሳይጫን የተለካ ቮልት ወሬ ነው» አሉኝ፤ ፕላጉ ሳይያያዝ ማለታቸው ነው። ነገሩን ሲያስረዱኝም እንዲህ ነው፦ ፕላጉ ወደ 3 አምፔር ይስባል። የድሮው ሽቦ እንደ ስፒከር ገመድ ቀጭን ስለሆነ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ አንድ ሜትር ተኩል ሲሆን በመንገድ ላይ 0.4 ቮልት ያህል ይበላል። 24 ቮልት ባለው ሲኖ ትራክ ላይ 0.4 ቢጠፋ ሹፌሩም አያውቀው። ከ1.2 ላይ ሲጠፋ ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው። እንደኛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ እመቃም ስለሚቀንስ በጭል ጭል ፕላግ ማስነሳት ከባድ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ነቅለው እንደ አዲስ ሠሩት። ሽቦውን ወደ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ከፍ አደረጉት፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ልባስ ያለው ነው። ርዝመቱንም ቀነሱት። ፕላጉ ጋ የሚደርሰውን ጫፍ በሊድ አልበየዱትም፣ በፒንሳ ጨፍልቀው አሰሩት። የሞተሩ ራስ ሲግል ሊዱ ይለሰልሳል፤ ባይለሰልስም ሊድ የጠጣ ሽቦ ይደርቅና ንዝረቱ ከጫፉ ይቆርጠዋል ብለው ነው። ግራውንዱን በሞተሩ መያዣ ብሎን ሥር ባለ ቀለበት አሰሩት፤ መጀመሪያ ግን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቀለሙን ፋቁት። የድሮው ግራውንድ ቀለም ላይ የተቀመጠ ነበር ለካ። ሽቦውን ከመያዣው ጋር አሰሩት፣ ንዝረቱ መገጣጠሚያው ላይ እንዳይሠራ። ሶኬቱን ከጭስ ማውጫው በተቃራኒ ጎን አዞሩት፤ የሚተፋው ዘይት እንዳይሞላው። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ጎረምሳ ረዳት «የስልክ ባትሪ ብናደርግበት በደንብ አይግልም?» ሲል ጋሼ ከልባቸው ተቆጡ። እውነት ነው፣ 3.7 ቮልት ያንን ጥምጥም በቅጽበት ይቆርጠዋል፤ ፕላጉ ደግሞ እዚህ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ነገር አይደለም። የሚገርመው ሰውየው ይህን ሞተር ከዚያ ቀን በፊት አይተውት አያውቁም።

ከሥራው በኋላ እንደገና ለኩ፤ መንገድ ላይ የሚጠፋው ከ0.1 በታች ወረደ። ሞተሩ ግቢያቸው ውስጥ ሲነሳ፣ ባትሪውን ነቅዬ ድምፁ ሳይለወጥ ሲቀጥል፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ሥራ ትተው ከበቡን። ያስከፈሉኝ የአንድ መኪና የፊት መብራት ሽቦ ለመሥራት ከሚጠየቀው አይበልጥም፤ ልጨምርላቸው ብል እምቢ አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሱም። ወር በገባ በ12 ሚካኤል ስለሆነ ዝግ ናቸው። ክረምት ላይ በራቸው ጭቃ ነው፣ ቦት ጫማ አድርጉ። የነዳጁን መጠን የሚወስነውን መርፌ ማስተካከል የእሳቸው ሥራ አይደለም፣ «እኔ ሽቦ ነው የማውቀው» ብለው በግልጽ ይነግሯችኋል።

የቤታቸውን አቅጣጫ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትሄዱ አውሮፕላኑን ብቻ ሳይሆን የምትጠቀሙበትን ባትሪና ፕላግ ጭምር ያዙ፣ ያለ እነሱ አይለኩላችሁም። ባትሪውንም ቤታችሁ ሞልታችሁ ውጡ፤ በዚያ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል።