ከፍቺ በኋላ የብድር ቤት፦ መሸጥ ወይስ ለአንዱ ማስቀረት?

አዳማ ውስጥ በጋራ ብድር ቤት ገዝተው የተፋቱ ባልና ሚስት ሁለት መንገድ አላቸው። መሸጡ ይቀላል፦ ከሽያጩ የባንኩ ዕዳ ይከፈላል፣ ካርታው ላይ ያለው እገዳ ይነሳል፣ የተረፈውን መካፈል ነው። ልጆች ካሉ ሆድ ማባባቱ ግን አይቀርም።

አንዱ ሲያስቀረው ነገሩ ይወሳሰባል። የሌላውን ድርሻ መክፈል ብቻ አይበቃም። በፍቺው «ዕዳውን እሷ ትክፈል» ቢባል እንኳ፣ ባንኩ ካልተስማማ የእሱ ስም ከብድር ውሉ አይወጣም። ክፍያው ከተቋረጠ ባንኩ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረትም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እኔ ማስቀረትን የምመርጠው የአንዱ ገቢ ለብቻው ከበቃና ባንኩ አዲስ ውል ከፈረመ ነው። «እኔ እከፍላለሁ፣ አታስብ» የሚለው የሽማግሌ ፊት ቃል ባንክ ቤት አይሠራም።