ዘጠኝ ወር ከኢንስታክስ ዋይድ 300 ጋር፦ መብራት በሌለበት ጉርድ ፎቶ ማንሳት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ሠርግና ምርቃት በወቅቱ ይመጣል። ቤቱን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆመው ግን ጉርድ ፎቶ ነው። ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለተማሪ ምዝገባ፣ ለጤና መድን ደብተር፣ ለሥራ ማመልከቻ።

የገበያ ቀን መብራት ሲሄድ ካሜራዬ ይሠራል፤ ኮምፒዩተሩና ፕሪንተሩ ግን ይቆማሉ። ለከተማው ሰው «ነገ ብቅ በል» ብዬ እሸኘዋለሁ። ከገጠር ለመጣ ሰው ግን ነገ የለም። ቀጣዩ ገበያ ሳምንት ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። መብራቱ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት በሩ ላይ ተቀመጡ። አልመጣም። «ልጄ፣ ምዝገባው እስከ ሳምንት አይጠብቀኝም እኮ» አሉኝ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ማታውኑ ዱባይ ላለችው እህቴ ደወልኩ።

የላከችልኝ ፉጂፊልም ኢንስታክስ ዋይድ 300 ነው፤ ያለ ኮምፒዩተርና ያለ ፕሪንተር ፎቶውን እዚያው የሚያወጣ ካሜራ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሞዴል ነው። በ2024 ዋይድ 400 የሚባል አዲስ መጥቷል፤ እሱን አልሞከርኩትም። ዛሬ የምጽፈው ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለተጠቀምኩበት ስለ 300ው ነው። እስካሁን 14 ፓኬት ፊልም ጨርሻለሁ። አንዱ ፓኬት 10 ፎቶ ስለሚይዝ 140 መሆኑ ነው። ከእነዚህ 31ዱ ተበላሽተውብኛል። አብዛኞቹ የተበላሹት በመጀመሪያው ወር ነው። እናንተ ያን ያህል እንዳታባክኑ ብዬ ነው ዝርዝር ውስጥ የምገባው።

መጀመሪያ ስለ መጠኑ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ትንሿን ኢንስታክስ ሚኒ ነው። የእሷ ፎቶ 46 በ62 ሚሊ ሜትር ነው። ለ3 በ4 ጉርድ ይበቃል። የአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ግን 51 በ51 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 46ቱ አያደርስም። የዋይድ ፎቶ 99 በ62 ነው። ከሁለቱም ይተርፋል። ሌንሱም ባለ 95 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሚኒው ይልቅ ሰውየውን ያቀርባል። በ90 ሳንቲ ሜትር ርቀት የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ወረቀቱ ላይ 27 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሆኖ ይወጣል። ለ3 በ4 ልክ ነው። በሚኒ ይህን መጠን ለማግኘት ሰውየው ፊት ላይ መደቀን አለባችሁ። ያኔ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል።

ካሜራው ያለ ማቅረቢያ ሌንስ ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች አያጠራም። ስለዚህ መጀመሪያ የሠራሁት ገመድ ነው። ትራይፖዱ ላይ 95 ሳንቲ ሜትር ሲባጎ አሰርኩ። ሰውየው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ የገመዱን ጫፍ እስከ ጉንጩ እስባለሁ። ከደረሰ ልክ ነው። በርጩማው የሚቆምበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ። አሁን ሰው ከገባ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እጨርሳለሁ።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ማያው ነው። የምናይበት ቀዳዳ ከሌንሱ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ሩቅ ስታነሱ ልዩነቱ አይታወቅም። በ95 ሳንቲ ሜትር ግን ዓይናችሁ መሃል ያደረገው ፊት ወረቀቱ ላይ ወደ ጥግ ሸሽቶ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፎቶዎች ያጠፋሁት በዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ አድርጉ፤ በዚያው በ95 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ ፊልም መሥዋዕት አድርጋችሁ አንሱት። ነጥቡ ወረቀቱ ላይ ምን ያህል እንደሸሸ ለኩና ትራይፖዱን የዚያን ዘጠኝ እጥፍ ያህል መልሱት። ከዚያ በኋላ ማያውን ማየት ትታችሁ ገመዱንና ምልክቱን እመኑ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ፊት።

ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ነው። ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ ከጆሮው ኋላ ጥቁር ጥላ ይወድቃል። ብዙ ቢሮ እንዲህ ያለውን ፎቶ አይቀበልም። በርጩማውን ከግድግዳው አንድ ሜትር ሳርቀው ጥላው ፈዘዘልኝ። ሁለተኛው ችግር ብልጭታው ነው። ግንባርና ጉንጭ ላይ እንደ መስታወት ያበራል። በተለይ ቅቤ የተቀቡ እናቶች ሲመጡ። አንድ ንብርብር ሶፍት ፍላሹ ላይ እለጥፋለሁ። ብርሃኑ ይለሰልሳል። ፊታቸውን እንዲጠርጉም ንጹሕ ፎጣ አቀርባለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን ነጠላው ነው። ካሜራው ብርሃን የሚለካው ራሱ ነው። ነጭ ግድግዳና ነጭ ነጠላ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ያኔ ጠይም ፊት ይጠቁራል። ዓይንና ቅንድብ አይለይም። አንድ አባት ፎቷቸውን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ። አሳዘነኝ። እንደገና አነሳኋቸው።

ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉርድ ፎቶ ሰውየው ራሱን አውቆ፣ ሌላውም እሱን አውቆት እንዲቀበለው የሚነሳ ነው። የመታወቂያ ካሜራና የጥቁር ሰው ፊት የቆየ ታሪክ አላቸው። በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁሮች እንዲይዙ ይገደዱ ለነበረው የይለፍ ደብተር ፎቶ፣ ፖላሮይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመታወቂያ ካሜራ ያገለግል ነበር። የፍላሹን ኃይል የሚጨምር ቁልፍም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት የፖላሮይድ ሠራተኞች ይህን አውቀው አሜሪካ ውስጥ ተቃውሞ አስነሡ። ኩባንያው በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። ያንን ካነበብኩ በኋላ «ካሜራው እንዲህ ነው የሚያወጣው» ብሎ ሰው መሸኘት ከበደኝ። ማሽኑ ለሰውየው እንዲስማማ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው።

ያገኘሁት መላ ይኸው። ካሜራው ኋላ ላይ የማቅለያና የማጥቆሪያ ምርጫ አለው። ነጠላ ለለበሰ ሰው ማቅለያው ላይ አደርገዋለሁ። ግድግዳውን ከነጭ ወደ ፈዛዛ ግራጫ ጨርቅ ቀየርኩት። ነጭ የግድ ሲሆን ብቻ አንሶላውን እሰቅላለሁ። በርጩማውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን አቆማለሁ። የመስኮቱ ብርሃን ካርቶኑ ላይ ነጥሮ የጨለመውን ጉንጭ ይሞላል። ከዚያ ወዲህ ፊት የጠቆረብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ብርዱንም ልንገራችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ፊልሙ እንዲሠራ የታሰበው ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት የእኔ ቤት የዚያ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ኬሚካሉ ሲበርደው ይዘገያል። ፎቶው ፈዞ፣ ወደ ሰማያዊ አዘንብሎ ይወጣል። ስለዚህ ፎቶው ከካሜራው እንደወጣ ጃኬቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አስገባዋለሁ። ሳላጥፈው፣ ሳላራግፈው። ፊልሙ 90 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። እኔ በብርድ ሦስት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ሰዉ ፎቶውን እንደ ማራገቢያ ማወዛወዝ ይወዳል። አይጠቅምም፤ ጭራሽ ይጎዳዋል።

ባትሪው አራት ተራ ባትሪ ድንጋይ ነው። እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ርካሹን ገዝቼ በሁለተኛው ፓኬት መሃል ሌንሱ ወጥቶ ቀረ። በአልካላይን ግን አሥር ፓኬት ያህል ይሄዳል።

ፊልም ማግኘት ከባድ ነው። የእኔ የሚመጣው በሰው እጅ ነው። አንዴ አንድ መንገደኛ ሦስት ፓኬት በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አድርጎ አመጣልኝ። ሦስቱም ጭጋግ የለበሱ ሆነው ወጡ (ከላይ በቆጠርኳቸው 14 ውስጥ የሉም)። የሻንጣ ኤክስሬይ ፊልም ያቃጥላል። በእጅ ቦርሳ ይምጣ፤ ከተቻለም ፍተሻው በዓይን ይሁን። ለእህቴ ይህን በስልክ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ።

አሁን ጎዶሎው። በጣም አስቡበት፤ ምክንያቱም ይህ ካሜራ በመሠረቱ ለጉርድ አልተሠራም።

አንደኛ፣ አንድ ጊዜ ሲጫን አንድ ፎቶ ነው። ጉርድ ግን አራት ወይም ስድስት ይፈለጋል። ድሮ ፖላሮይድ አራት ሌንስ ያላቸው የፓስፖርት ካሜራዎች ነበሩት። አንዴ ሲነሳ አራት ተመሳሳይ ፊት ያወጣሉ። የእነሱ ፊልም ማምረት ቆሟል። ፉጂም ተተኪውን ኤፍፒ 100ሲ ፊልም እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቋል። ስለዚህ እኔ ለቸኮለው ሰው አንዱን ኢንስታክስ እሰጣለሁ፤ ከመስጠቴ በፊት በስልኬ ቅጂውን እይዛለሁ። መብራት ሲመጣ ቀሪውን በፕሪንተር አትሜ አስቀምጥለታለሁ። በሚቀጥለው ገበያ ይወስዳል። ለባልና ሚስት ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለኝ። በ95 ሳንቲ ሜትር ወረቀቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ስፋት ይይዛል። ሁለቱን ትከሻ ለትከሻ አስቀምጬ አንዴ አነሳለሁ። ከመሃል ስቆርጠው ሁለት 3 በ4 ይወጣል። ለጤና መድን ደብተር የሚመጡ ቤተሰቦች እንዲህ ነው የሚነሱት።

ሁለተኛ፣ መቁረጡ። የኢንስታክስ ፎቶ አንድ ወረቀት አይደለም። በፕላስቲክ መካከል ኬሚካል የተዘረጋበት ድርብርብ ነው። ፉጂ ራሱ እንዳትቆርጡት ይመክራል። እኔ የምቆርጠው ግዴታ ስለሆነብኝ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆይቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ በወረቀት መቁረጫ። ወፍራሙን የታች ጠርዝ በጭራሽ አልነካውም፤ የኬሚካሉ ከረጢት እዚያ ነው። ጠርዙን በቀጭን ሙጫ ካላሸግሁት ከሳምንታት በኋላ ድርቡ ይላቀቃል። ቤታችሁ ልጅ ካለ ቁርጥራጩን ወዲያው ሰብስቡ።

ሦስተኛ፣ ማኅተም። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ማኅተም ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። የኢንስታክስ ፊቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ቀለሙን አይመጥም። አንድ ደንበኛዬ ካርዱን ኪሱ ሲያስገባው ማኅተሙ ተጠርጎ ጠፋ። ተመልሶ መጣ። ማኅተም የሚያርፍበትን ጥግ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ማሸት ጀመርኩ። አሁን ቀለሙ ይይዛል።

ለየትኛው ጉዳይ እንደማልጠቀምበትም ልናገር። ለዲቪ አላነሳበትም። ዲቪ በኮምፒዩተር የሚላክ ፎቶ ነው፤ በዲጂታል ካሜራ ይሻላል። ለአውሮፓ ቪዛም አላነሳበትም። ፊቱ በ45 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከ32 እስከ 36 ሚሊ ሜትር መሙላት አለበት፤ የእኔ ካሜራ ያለ ማቅረቢያ ሌንስ ከ90 ሳንቲ ሜትር ስለማይቀርብ እዚያ አይደርስም። ፓስፖርትና ፋይዳ ደግሞ ፎቶውን እዚያው ምዝገባው ላይ ያነሳሉ። የሚቀሩት የአካባቢ ጉዳዮች ናቸው፦ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ ዕድር፣ ጤና መድን።

ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ካኖን ሴልፊ ሲፒ1500 የሚባለውን ትንሽ ፕሪንተር አስቡበት። በተናጠል የሚሸጥ ባትሪ ይቀበላል፤ አንድ ፖስትካርድ በ41 ሰከንድ አካባቢ ያትማል። የጉርድ ፎቶ ማደራጃም አለው። በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ቅጂ ይወጣል። ማኅተምና መቁረጥ ላይ ያልኳችሁ ጣጣ የለበትም። የወንድሜ ልጅ አብሮኝ ይሠራል፤ «ጋሼ፣ እሱን እንግዛ» እያለ ነው። እውነቱን ነው። ገንዘቡ ሲሞላልን እንገዛለን።

እስከዚያ ኢንስታክሱ ትራይፖዱ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። እነዚያ እናት ታናሽ ልጃቸውን ይዘው መጡ። በርጩማው ላይ አስቀመጥነው። ሲባጎውን ጉንጩ ድረስ ሳብኩ። ፎቶውን እናቱ ራሳቸው ነጠላቸው ውስጥ አስገብተው አሞቁት። ሦስት ደቂቃ ቆጠርን። አወጡት፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አዩት። «ቁርጥ አባቱን!» አሉ።