ለሊባኖስ ቤት እንግዳ፦ ጥቁር ቡና ወይስ ነጭ ቡና?

ሊባኖስ ውስጥ እንግዳ «አልፈልግም» ቢል እንደ ይሉኝታ ይቆጠርበታል፤ ቡናው መቅረቡ አይቀርም። ምርጫው ያለው ዓይነቱ ላይ ነው።

ጥቁሩ የሚፈላው ራክዌ በምትባል ባለ ረጅም እጀታ ትንሽ ማፍያ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ ውሃና አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ እንደ ዱቄት የላመ ቡና ይበቃል፤ ሄል የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። ስኳሩ ከውሃው ጋር ስለሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፦ ሳዳ ያለ ስኳር፣ ዋሳት መካከለኛ፣ ሄልዌ ጣፋጭ። ውሃው ሲፈላ ከእሳት ይወርድና ቡናው ይገባል፤ ከዚያ በቀስታ እሳት አረፋው በተነሳ ቁጥር ሁለት ሦስቴ ማንሳትና መመለስ ነው። ለአፍታ ዘወር ያለ ሰው ቡናውን ለምድጃው ጋበዘ ማለት ነው። ሳይጠልል ከተቀዳ ደግሞ አተላው ጥርስ ላይ ይቀራል። ጀበና የለመዳችሁ፣ እዚህ ቶናና በረካ የለም፤ ለተጨማሪ እንደ አዲስ ይፈላል። ሲኒ ሲመለስ «ዳይሜ»፣ ይዝለቅ፣ ይባላል። ለቅሶ ቤት ግን ቡናው ሳዳ ብቻ ነው፤ እዚያ «ዳይሜ» ያለ ሐዘኑ ይዝለቅ አለ!

ነጩ ውስጥ ግን ቡና የሚባል ነገር የለም። አንድ ሲኒ የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የብርቱካን አበባ ውሃ፣ በቃ። አብሮ ከፈላ ሽታው ይተናል፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ከራት በኋላ ነጩ ይሻላል። አክስቶች ተነስተው በር ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ስለሚያወሩ፣ ጥቁሩን ያቀረበ እንቅልፉን ይረሳ።