አዲሱ የባንክ ቅርንጫፍ፦ ራምፕ አለው፣ መግቢያ ግን የለውም

የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ ለሚቸግራቸው ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። አዲስ አበባ ያለው ይህ ቅርንጫፍ ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) ሠርቷል፤ ችግሩ ልኬቱ ነው። ሦስቱ ደረጃዎች 45 ሳንቲሜትር ይሆናሉ። በተለመደው የ1 ለ12 ስሌት (ለ1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት) ራምፑ 5 ሜትር ከ40 መርዘም ነበረበት፤ የተሠራው ግን 2 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ አቀበት ዊልቸር ያለ ገፊ አይወጣም፤ የፊት ጎማዎቹ ተነስተው ወደ ኋላ ሊገለበጥም ይችላል። የተነጠፈው ልሙጥ ሴራሚክ ደግሞ ክረምት ላይ ክራንች ያንሸራትታል (ማን እንደመረጠው እንጃ)። ቦታ ጠቦ ከሆነ ራምፑን ማጠፍ ይቻል ነበር፤ መታጠፊያው ላይ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ሜዳ መተው ብቻ ነው።

የበሩ ስፋት 90 ሳንቲሜትር መሆኑ ያስመሰግናል። የአካል ጉዳተኞች ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ ግን የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኗል፤ አዋጁ መጸዳጃንም ይጨምራል። በዊልቸር ለሚመጣ ደንበኛ ዝቅ ያለ የአገልግሎት መስኮት አለ፣ ሠራተኛ የለበትም።

ቅሬታ ስታቀርቡ «አይመችም» ብቻ አትበሉ። ከፍታውንና ርዝመቱን ለክታችሁ፣ ፎቶ አያይዛችሁ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ስጡ፤ መቀበላቸውንም ቅጂው ላይ አስፈርሙ።